ስለ ሙቀት ልክና ስለ ሜትር ሥርዐት



በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ውሃ አፍልቶ የሙቀቱን ልክ እንዲያነብ ታዘዘ ተብሎ ይታሰብ። ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱ ይወጣል፤ በብልቃጡ ውስጥ የቆመው ቴርሞሜትር ግን 92 ዲግሪ ያህል ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። ተማሪው እሳቱን ይጨምራል፤ ውሃው ይብሱን ይንተከተካል እንጂ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን ይገልጣል፤ መጽሐፉም ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ተማሪው ጥቂት ያመነታና በደብተሩ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። መምህሩም መጥቶ ያያል፥ የልክነት ምልክት አድርጎለት ያልፋል።

በዚህ ነገር ውስጥ መጽሐፉ አልዋሸም፤ ቴርሞሜትሩም አልተበላሸም። የዋሸው ደብተሩ ብቻ ነው። ተማሪው በዚያች ደቂቃ የተማረው ስለ ውሃ ጠባይ አይደለም፤ ዐይን ያየውን ትቶ የታተመውን መገልበጥ እንደሚያስመሰግን ነው። ስለ ሜትር ሥርዐት የሚደረግ ንግግር ብዙውን ጊዜ ከፓሪስ ይጀምራል፤ ይኸኛው ግን ከዚህ ብልቃጥ ቢነሣ ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሙቀትን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መለካቱን ግን የጀመረው እጅግ ዘግይቶ ነው። ርዝመት በክንድ፥ በስንዝርና በጋት፤ እህል በቁናና በዳውላ፤ ወርቅ በወቄት፤ ቡና በፈረሱላ፤ መሬት በጥማድና በጋሻ ሲለካ ሙቀት መለኪያ አልነበረውም። ቋንቋው ውርጭ፥ ብርድ፥ ለብታ፥ ትኩሳት፥ ሐሩር እያለ በቃል ይለየዋል እንጂ በቍጥር አይወስነውም። የኢትዮጵያ ገበሬ ግን አንድ ብልኀት ነበረው፤ ይኸውም ሙቀትን በአገሩ ከፍታ መለየት ነው። ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ እያለ ምድሩን ሲከፍል፥ ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚቀዘቅዝ ሊቃውንት በመሣሪያ ያረጋገጡትን ነገር እርሱ በጤፉና በገብሱ አውቆት ኖሯል። ይህ ክፍፍል በጂኦግራፊ መጻሕፍት ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሠራበት በከንቱ አይደለም።

እጅ ግን አታላይ መሣሪያ ነው። አንድ እጅ በሙቅ ውሃ፥ ሁለተኛው እጅ በቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ጊዜ ተነክሮ ከቈየ በኋላ ሁለቱም ለብ ወዳለ ውሃ በአንድነት ቢገቡ፥ አንዱ እጅ ውሃው ቀዝቃዛ ነው ሲል ሌላው ሙቅ ነው ይላል። ይህን ለማሳየት ሦስት ሳሕን እንጂ ሌላ ወጪ አያስፈልግም። ተማሮቹ በገዛ እጃቸው ከተጣሉ በኋላ ቴርሞሜትር ለምን እንደ ተፈለገ ረጅም ትርጓሜ አያሻውም።

ቴርሞሜትርን አስተማማኝ ካደረጉት ሰዎች አንዱ በ1686 በዳንሲግ ከተማ የተወለደውና በሆላንድ አገር ሲሠራ የኖረው ዳንኤል ገብርኤል ፋራናይት ነው። ሞያው መሣሪያ መሥራት ነበረ። ከእርሱ በፊት ብዙ ቴርሞሜትሮች ተሠርተዋል፤ ነገር ግን የአንዱ ሠሪ መሣሪያ ከሌላው አይስማማም ነበረና በአንድ ከተማ የተነበበው ሙቀት በሌላ ከተማ ትርጕም አልነበረውም። ፋራናይት ባዜቃን፥ ማለት ሜርኩሪን፥ በጠባብ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ እርስ በርሳቸው የሚስማሙ መሣሪያዎች ሠራ። በ1724 ባስታወቀው ልክ መሠረት በረዶ፥ ውሃና የአሞንያ ጨው ሲቀላቀሉ የሚሰጡትን ቅዝቃዜ 0 አለው፤ በረዶ በውሃ ውስጥ ሲቀልጥ 32፥ የጤነኛ ሰው ገላ ደግሞ 96 ሆነ። የውሃ መፍያ 212 ተብሎ የጸናው ከዚያ በኋላ ነው። ቍጥሮቹ ለዛሬ ሰው እንግዳ ቢመስሉም መሣሪያው ድንቅ ነበረ፤ ይህን ሳይናገሩ በፋራናይት ላይ መሣቅ ተገቢ አይደለም።

በስዊድን አገር በኡፕሳላ የሥነ ፈለክ መምህር የነበረው አንደርስ ሴልሲየስ በ1742 ሌላ ልክ አቀረበ። እርሱ ሁለት ቋሚ ነጥቦች ወስዶ በመካከላቸው ያለውን በ100 ከፈለው። በዚያን ጊዜ ግን 0 ያለው ውሃ የሚፈላበትን፥ 100 ያለው ደግሞ በረዶ የሚቀልጥበትን ነጥብ ነው። በ1744 ሴልሲየስ ካረፈ በኋላ ልኩ ተገልብጦ ዛሬ በሚታወቀው መልኩ ጸና፤ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማም ዣን ፒየር ክሪስቲን በ1743 በዚሁ በዛሬው አኳኋን የተከፈለ ልክ አውጥቶ ነበረ። የ100 ክፍል ስለሆነ ሴንቲግሬድ ሲባል ቈይቶ፥ በ1948 የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ ዲግሪ ሴልሲየስ ብሎ ሰየመው። ስለዚህ ሴንቲግሬድ የሚል መጽሐፍ የያዘ ትምህርት ቤት መጽሐፉን መጣል አያስፈልገውም፤ ስሙን ማረም ይበቃዋል።

ወደ ብልቃጡ መመለስ ይገባል። ሴልሲየስ በዚያ በ1742 ጽሑፉ በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ በየአገሩ የማይለወጥ መሆኑን፥ የውሃ መፍያ ግን ከአየር ግፊት ጋራ ከፍና ዝቅ የሚል መሆኑን ገልጧል። እንግዲህ 100 የሚለውን ቍጥር ያወጣው ሰው ራሱ ቍጥሩ በተወሰነ የአየር ግፊት ብቻ እውነት መሆኑን አስጠንቅቆ ነበረ። መጻሕፍቱ ቍጥሩን ወስደው ማስጠንቀቂያውን ጣሉት።

ምክንያቱ ለተማሪ ከባድ አይደለም። ውሃ ይፈላል ማለት ከውስጡ የሚነሣው የእንፋሎት አረፋ በላዩ ያለውን የአየር ሸክም ገፍቶ መውጣት ቻለ ማለት ነው። ሸክሙ በቀለለበት አገር አረፋው ቀድሞ ይወጣል። በባሕር ዳርቻ የአየር ግፊት በቱቦ ውስጥ 76 ሳንቲ ሜትር ባዜቃ ያቆማል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን የሚያቆመው ወደ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በምጥዋ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአስመራ 92 ያህል፥ በድሬዳዋ 96፥ በናይሮቢ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ በራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ቢጣድ 85 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ምጥዋንና አስመራን የሚለየው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሁለቱ ውሃ ግን በ8 ዲግሪ ይለያያል። በደጋ አገር ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገዩ እናቶች ያውቁታል፤ ምክንያቱን ለልጆቻቸው የሚነግረው ግን መምህሩ ነው። ውሃው ፈልቷል፥ ነገር ግን የቆላውን ውሃ ያህል አልሞቀም።

ከዚህም የበለጠ ነገር አለ። በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ውስጥ የተዘዋወረው ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ዳባዲ የአገሩን ካርታ ለማንሣት ሲደክም የተራሮችንና የመንደሮችን ከፍታ ካወቀባቸው ብልኀቶች አንዱ ውሃ ማፍላት ነበረ። ቴርሞሜትሩ ዝቅ ብሎ በቆመ ቍጥር ቦታው ከፍ ያለ ነው፤ በ300 ሜትር አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ተማሪው ደብቆት ያለፈው 92 የሚለው ቍጥር ከተማው ከባሕር በላይ የት እንዳለች የሚናገር ቍጥር ነበረ። 100 ብሎ የጻፈ ጊዜ አዲስ አበባን ወደ ባሕር ዳርቻ አወረዳት።

ስለ ሜትር ደግሞ ጥቂት መናገር ያሻል። በፈረንሳይ አገር እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ መለኪያው እንደየአውራጃውና እንደየመኰንኑ ይለያይ ነበረ፤ በ1789 ሕዝቡ ለንጉሡ ባቀረበው የብሶት ጽሑፍ ውስጥ መስፈሪያ አንድ ይሁን የሚል ልመና በብዙ ስፍራ ይገኛል። ገበሬው ግብሩን በሰፊው መስፈሪያ ከፍሎ ብድሩን በጠባቡ መቀበል መርሮት ነበረ። ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው ትርጓሜ አያስፈልገውም። ቁናው ከገበያ ወደ ገበያ ሲለያይ፥ ፈረሱላው እንደሚመዘነው ዕቃ ሲለወጥ፥ ጋሻው እንደ መሬቱ ለምነት ሲሰፋና ሲጠብ፥ በትልቁ ገዝቶ በትንሹ የሚሸጥ ነጋዴ የት እንደሚያተርፍ የታወቀ ነው። ክንድም ቢሆን ረጅሙ ገዢና አጭሩ ሻጭ ሲገናኙ የሚያከራክር ነው። የአንድነት መለኪያ የተፈለገው ለሊቃውንት ብቻ አልነበረም፤ በመስፈሪያ ለሚጐዳውም ነው።

መለኪያው የማንም ንጉሥ ክንድ እንዳይሆን ከራሷ ከምድር እንዲወሰድ ተወሰነ፤ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት ከ10 ሚሊዮን አንዱ እጅ ሜትር ይባል ተባለ። ይህን ለማወቅ ዣን ባፕቲስት ደላምብርና ፒየር ሜሼን ከ1792 እስከ 1798 ድረስ ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ምድር በማዕዘን ለኩት። ዘመኑ የሁከትና የጦርነት ዘመን ስለ ነበረ በየመንደሩ እንደ ሰላይ እየተጠረጠሩ ተያዙ፤ ሥራው እንዲያው መፈጸሙ ያስገርማል።

ከሁለቱ አንዱ ሜሼን በባርሴሎና ሳለ አንድ ነገር ደረሰበት። የከተማዪቱን ኬክሮስ በሁለት ስፍራ ሆኖ በከዋክብት ሲለካ ሁለቱ ውጤቶች በ3 ሰኮንድ ያህል ተለያዩበት። በምድር ላይ 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ ነገር ነው። ሜሼን ግን እጅግ ጠንቃቃ ሰው ስለ ነበረ አፈረ፤ ልዩነቱን ለባልንጀራው ሳይገልጥ ሸሸገው፤ ቍጥሮቹንም አስተካክሎ አቀረበ። ሸክሙ ግን ዕረፍት ነሣው። ሥራውን ለማስፋትና ለማደስ ወደ ስፔን ተመልሶ ሲደክም በ1804 በንዳድ ታሞ ሞተ። ደላምብር ወረቀቶቹን ሲመረምር እውነቱን አገኘ። በኋላ ዘመን ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ጥፋቱን በአመዛኙ በመሣሪያው እንጂ በሰውዬው ላይ አላገኙትም። መሣሪያ ሁሉ ጥቂት እንደሚሳሳትና ስሕተቱም ሊለካ እንደሚችል በዚያን ጊዜ ገና በደንብ አልታወቀም ነበረ። የሜሼን ታሪክ ስለ ሜትር በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ለአስተማሪ ግን ከ10 ሚሊዮኑ ክፍል ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ደብተሩ ላይ 100 ብሎ የጻፈው ልጅና ሜሼን የተቸገሩበት ነገር አንድ ነውና።

በ1799 ከፕላቲን የተሠሩት ሜትርና ኪሎግራም በፓሪስ ተቀመጡ። ሜትሩ ከታሰበለት ልክ በአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል አጥሮ ተገኘ፤ ማንም ግን ሊያርመው አልፈለገም፤ መለኪያ የሚጠቅመው ሁሉም አንዱን ሲይዝ ነውና። በተወለደበት አገር እንኳ ቶሎ አልተለመደም። ናፖሊዮን በ1812 የአሮጌውን መለኪያ ስሞች ለገበያ መልሶ ፈቀደ፤ የሜትር ሥርዐት በፈረንሳይ ያለ አማራጭ ግዴታ የሆነው ከ1840 መግቢያ ጀምሮ ነው። በየአውራጃው ቁና አልጠፋም እያሉ የሚያዝኑ ሹማምንት ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው። በ1875 በፓሪስ 17 መንግሥታት የሜትርን ውል ፈረሙ፤ በ1960 ሥርዐቱ ዓለም አቀፍ የመለኪያ አሐዶች ሥርዐት ተብሎ ተደራጀ፤ ከ2019 ጀምሮም ኪሎግራም በሣጥን በተቈለፈ ብረት መለካቱ ቀርቶ በተፈጥሮ ቋሚ ቍጥር ተወስኗል። በኢትዮጵያ በ1963 ስለ ሚዛንና ስለ መለኪያ የተደነገገ ዐዋጅ ወጣ። ኬንያ፥ ኡጋንዳና ታንዛንያም የወረሱትን የኢንችና የፓውንድ መለኪያ ከነጻነት በኋላ ወደ ሜትር ለወጡት።

የሜትር ሥርዐት ውበቱ በ10 መባዛቱ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቁ ጥቅሙ መለኪያዎቹ መዛመዳቸው ነው። ጐኑ ሁሉ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን አንድ ሊትር ይይዛል፤ የዚያ ውሃ ክብደት ኪሎግራም ያህል ነው፤ ያንንም ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት አንድ ኪሎካሎሪ፥ ማለት 4200 ጁል ያህል ነው። በ20 ዲግሪ የተጣደ አንድ ሊትር ውሃ አዲስ አበባ ላይ እስኪፈላ 72 ኪሎካሎሪ ይፈልጋል። ይህን በኢንች፥ በጋሎንና በፋራናይት የሚያሰላ ተማሪ ግማሹን ሰዓት በማካፈል ያጠፋዋል።

ቍጥር ያለ መለኪያ ስም ምን እንደሚያደርስ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ነገር አለ። ሐምሌ 23 ቀን 1983 በኤውሮጳ አቈጣጠር፥ ካናዳ ወደ ሜትር ሥርዐት በምትሸጋገርበት ዘመን፥ አንድ ቦይንግ 767 የመንገደኞች አውሮፕላን ነዳጅ ሊቀዳ ቆመ። የነዳጅ መቍጠሪያው ስለ ተበላሸ መጠኑ በእጅ ተሰላ። ለጕዞው የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎግራም ነበረ። በታንኩ ውስጥ 7,682 ሊትር ተገኘ። ሠራተኞቹ ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ በ1.77 አባዙት፤ ይህ ቍጥር ግን የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ እንጂ በኪሎግራም አይደለም፤ በኪሎግራም 0.8 ያህል ነው። ስለዚህ 20,088 ሊትር መቅዳት ሲገባ 4,916 ሊትር ብቻ ተቀዳ። አውሮፕላኑ 69 ሰዎች ይዞ 12 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሳለ ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ በታላቅ ብልኀት እንደ አሞራ እያንሳፈፉ ጊምሊ በተባለ በተዘጋ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ አሳረፉትና ማንም አልሞተም። ማባዛቱ ልክ ነበረ፤ ደግመውም ቢያባዙት ያው ነው። የጐደለው ከ1.77 ቀጥሎ የሚጻፈው አንድ ቃል ነበረ። ተማሪ መልሱን 12 ብሎ ሲያቀርብ 12 ምን? ብሎ የሚጠይቅ መምህር እንደ ነዝናዛ መቈጠር የለበትም።

በሙቀትም ዘንድ ይኸው ይደርሳል። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቩንደርሊሽ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ የጤነኛ ሰው ሙቀት በመካከለኛው 37 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው አለ። ይህ ክብ ቍጥር ነው፤ የአንድ ሰው ሙቀት ከጧት እስከ ማታ እንኳ ከፍና ዝቅ ይላል። ወደ ፋራናይት ሲለወጥ ግን 98.6 ሆነ። ነጥቧን ያየ ሰው ሁሉ እጅግ የተጣራ ቍጥር መሰለው፤ 99 ያነበበችም እናት ልጄ ታመመ ብላ ደነገጠች። የነጥቧ ጥራት የመጣው ከማባዛቱ እንጂ ከሰው ገላ አይደለም።

በክፍል ውስጥ ዘወትር የሚታዩ ሌሎች ሁለት ስሕተቶች አሉ። ፋራናይትን ወደ ሴልሲየስ ለመለወጥ 32 ቀንሶ በ5 ማባዛትና ለ9 ማካፈል ሁሉም ያጠናዋል። ነገር ግን የሌሊቱ ሙቀት ከቀኑ በ18 ዲግሪ ፋራናይት ወረደ ሲባል ተማሪው ከ18 ላይ 32 ይቀንስና ከዜሮ በታች 8 ያህል የሆነ እንግዳ መልስ ያመጣል። ልዩነት ሲለወጥ 32 አይቀነስም፤ መልሱ 10 ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ትናንት 10 ዲግሪ፥ ዛሬ 20 ዲግሪ ከሆነ ዛሬ እጥፍ ይሞቃል ማለት ነው። የሴልሲየስ ዜሮ በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ እንጂ የሙቀት መጨረሻ አይደለም። ዊልያም ቶምሰን፥ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፥ በ1848 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ከመጨረሻው ቅዝቃዜ፥ ማለት ከዜሮ በታች ከ273.15 ዲግሪ ሴልሲየስ፥ ቢቈጠር ትናንት 283፥ ዛሬ 293 ኬልቪን ነው፤ ብልጫው ከመቶ 4 እንኳ አይሞላም።

መሣሪያ የሚያስገዙ ሹማምንት የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። በሁለቱም ልክ የተጻፈ ቴርሞሜትር ለሐኪም ቤት ይጠቅም ይሆናል፤ ለጀማሪ ተማሪ ግን ሁለት አንደበት ያለው ምስክር ነው። ሴልሲየስ ብቻ የተጻፈበት ቢመረጥ፥ ባዜቃም መርዝ ስለሆነ በቀይ አልኮል የተሞላው ቢገዛ ይሻላል፤ አልኮል ያለው ግን የውሃ ፍላትን የሚችል መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ውሃ መፍያ ለክቶ ከከፍታው ጋራ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢጽፈው ደግሞ የደሴ ተማሪ ከጋምቤላ ተማሪ ጋራ የሚጻጻፍበት ነገር ያገኛል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የብልቃጡን ታች እንዳይነካ መጠበቅ ያሻል፤ ሲነካ የሚነበበው የውሃው ሳይሆን የብርጭቆው ሙቀት ነውና።

ከመፍላቱ በፊት መሣሪያው ራሱ በዜሮ መመርመር አለበት። ለዚህ በረዶ ማሽን የለንም ብሎ የሚተወው ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ በደጋው አገር ግን በረዶ በክረምት ከሰማይ ይወርዳል። ተማሮቹ ከግቢው ሣር ላይ በኩባያ ለቅመው ጥቂት ንጹሕ ውሃ ጨምረውበት ያማስሉት፤ ቴርሞሜትሩ ይግባና አምስት ደቂቃ ይቈይ። 0 ካላነበበ፥ 1 ወይም 2 ካነበበ፥ ያንኑ ያነበበውን በደብተራቸው ይጻፉት።